ቁጠባው ከትልቁ ቆጣሪ ይጀመር



ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በአገራችን በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ ስለ ማመንጨት ነው። ስንት ተርባይን ተተከለ፥ ስንት ሺህ ሜጋዋት ይወጣዋል እየተባለ ይጠየቃል። ይኸም መልካም ነው፤ እኔም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ኃይሉ ከተመነጨ በኋላ የት እንደሚደርስ፥ ማን በአግባቡ እንደሚሠራበት፥ ማንስ በከንቱ እንደሚያፈሰው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። «ቆጥቡ» የሚል ቃል ቢሰማም አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለእናቶቻችን ነው፤ ምጣዱን ቶሎ ንቀይ፥ አምፖሉን አጥፊ ይባላሉ። የእኔ አሳብ ከዚህ ይለያል። በአንድ አምፖልና በአንድ ሬዲዮ የምትኖር እናት በወር የማትፈጀውን ኃይል አንድ ወፍጮ ቤት ወይም አንድ የመስኖ ውሃ መሳቢያ በአንድ ቀን ይፈጀዋል። ስለዚህ ቁጠባ ሊጀመር የሚገባው ከትልቁ ቆጣሪ ነው፤ ይኸውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከንግድ ድርጅቶች ማለቴ ነው።

«ይህን የሚያህል ግድብ ካለን ቁጠባ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ትንሽ የቆየ ነገር ላስታውሳቸው። በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ሲመረቅ፥ 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል የሚያመነጭ ነበርና፥ በዚያ ዘመን ሰዎች ዓይን እጅግ ብዙ ነበረ። ገንዘቡም ኢጣልያ ከከፈለችው የጦር ካሣ የተገኘ ነው። ዛሬ የሕዳሴው ግድብ ለ5,150 ሜጋዋት የተሠራ ስለ ሆነ ከቆቃ ወደ 120 እጥፍ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ስንት ሌላ ግድብ ተሠራ! ሆኖም በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. እንደ ገና በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃው በማነሱ አገሪቱ በሙሉ በፈረቃ አደረች፥ ለጎረቤት አገር የሚሸጠውም ኃይል ተቋረጠ። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ኤሌክትሪካችን ሁሉ ለማለት ይቻላል ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ውሃውም ከዝናብ ነው። እኛ የራያ ቆላ ልጆች በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነገር ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም፤ የአባቶቻችን ማሽላ በየዓመቱ ያስተምረናል። በጎተራው እህል የሞላ ገበሬ ሁሉን በጥቅምት አይበላውም።

ከዚህም በላይ ግድቡ ሞላ ማለት ሰው ሁሉ መብራት አገኘ ማለት አይደለም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና የመንግሥት የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰው ነው። ከዋና መንገድ ጥቂት ወደ ዞብል ተራራ በኩል ፈቀቅ ያለ ሰው ሌሊት በምን እንደሚበራ ያያል። እንግዲህ በከተማ በቀን ብርሃን የሚነድ አምፖል በራሱ ብቻ ትንሽ ነገር ነው፤ ያን ያላገኘ ሰው ሲያየው ግን ትንሽ አይደለም። እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች ደግሞ ጨለማን እናውቀዋለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መብራት በጠፋ ጊዜ ወፍጮዎች ቆመው እናቶች ወደ ድንጋዩ ወፍጮና ወደ መጁ ተመልሰው ነበር። ያን ያየ ሰው የኤሌክትሪክን ዋጋ በብር ብቻ አይገምትም።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ ልምጣ፤ ነገሩ በጣም የሚታየው እዚሁ ነውና።

የቆቦና የራያ ሜዳ ከበታቹ ውሃ አለው። ይህን የከርሰ ምድር ውሃ በጥልቅ ጉድጓድ አውጥቶ ለመስኖ ለማዋል በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ የዋጃ ጎለሻና የሆርማት ጎሊና ተፋሰሶች ስማቸው በዚህ ሥራ ይታወቃል። ጉድጓዶቹ በኤሌክትሪክ ዲናሞ ወይም በናፍታ ሞተር ይሠራሉ። ሽንኩርቱ፥ ቲማቲሙ፥ በርበሬው ከዚህ ይገኛል። ጥቅሙን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ውሃ 60 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ፥ ክብደቱን በመሬት ስበትና በከፍታው ስናባዛ፥ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። መሳቢያውና ዲናሞው ግን የተቀበሉትን ኃይል ሁሉ ወደ ሥራ አይለውጡትም፤ ግማሹ በሙቀትና በሰበቃ ይጠፋል ብንል እጥፉ፥ ይኸውም ሲሶ ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ጉድጓድ በሴኮንድ 20 ሊትር ይሰጣል እንበል። በሰዓት 72 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ኃይሉም በሰዓት ወደ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህ ውሃ በአፈር ቦይ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲሶው በመንገድ ሠርጎ ቢቀርስ? በየሰዓቱ 8 ኪሎዋት ሰዓት መሬት ዋጠው ማለት ነው። ባለ 9 ዋት ቆጣቢ አምፖል በምሽት አራት ሰዓት ቢበራ፥ ይህ በአንድ ሰዓት የጠፋው ኃይል ከ200 የሚበልጡ ቤቶችን ሙሉ ምሽት ያበራ ነበር። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የሚባለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የእኛ እንቦጭ ገንዘብ የሚከፈልበት መሆኑ ነው።

ታዲያ ማን ይህን ያስተካክለው? ገበሬውን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም። ቦዩን በሲሚንቶ ለመለሰን ወይም ቧንቧ ለመዘርጋት አንድ ገበሬ አቅም የለውም። ጉድጓዱን ያስቆፈረው መንግሥት ነውና ከጉድጓዱ አፍ እስከ ማሳው ድረስ ያለውን መንገድ ሊጨርሰው ይገባል። የጠብታ መስኖ በዚህ ሸለቆ ተሞክሯል፤ መሣሪያው ሲሰበር ወይም ሲደፈን መለዋወጫ የሚያቀርብ ሱቅ በአቅራቢያ ከሌለ ግን ገበሬው ወደ ቦዩ ይመለሳል። አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ነጋዴው ይግባ፤ ሞባይልና ፕላስቲክ ወንበር ከአዲስ አበባ ጭኖ የሚያመጣ ነጋዴ የቧንቧ መጋጠሚያና የማጣሪያ ወንፊት ቢያመጣ ገበያ አያጣም። ደግሞም በእኩለ ቀን በዋጃ ፀሐይ ውሃ መልቀቅ ለምንድን ነው? በማታና በማለዳ ቢሆን ውሃው በትነት ብዙ አይጠፋም፤ በተለይ ሌሊት የመብራት ተጠቃሚው ሲያንስ መስመሩም ይቀለዋል። መንግሥት ሌሊት ውሃ ለሚስብ ገበሬ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግለት፥ ከመቶ ስብሰባ ይልቅ ይህ አንድ ነገር ሥራ ይሠራ ነበር። የፀሐይ ኃይል መሳቢያም ሌላ መንገድ ነው፤ ሆኖም ፀሐይ ነፃ ነች ተብሎ ቀኑን ሙሉ ቢሳብ የከርሰ ምድሩ ውሃ ይወርዳል፤ ውሃው በወረደ ቁጥርም ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ቁጠባ የማያስፈልገው ኃይል እስካሁን አላገኘሁም።

የናፍታውን ነገር ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ናፍታ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል የሚመጣ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ሌላ ሥራ የሚሠራ ባለ መኪና፥ መናኸሪያ ቆሞ ሰው እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ሞተር የሚያስጮኽ ሹፌር፥ የአገሪቱን ዶላር በጭስ ማውጫ እያስወጣ ነው። የነዳጅ ነገር ቀላል እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር፥ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የሆነውን ሁሉ የታሪክ መምህራችን ያስረዱናል። በዚያ ጊዜ ሌሎቹ አገሮች ምን አደረጉ? አሜሪካ በአውራ ጎዳናዎቿ ላይ የመኪና ፍጥነትን በሕግ ቀነሰች። ነዳጅ በምድሯ የሌላት ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1979 የኃይል ቁጠባ ሕግ አውጥታ ፋብሪካዎቿን በደንብ አስያዘች። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2022 የጋዝ ችግር ሲመጣ ጀርመን ሌሊት ሐውልቶችንና የመንግሥት ሕንፃዎችን ከውጭ ማብራት ከለከለች። ሀብታም አገር ሐውልቷን በጨለማ ስትተው አላፈረችም።

ወደ ንግድ ቤቶቻችን ልመለስ። በመጀመሪያ ወፍጮ ቤትን እንይ። ባለ ወፍጮው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንበኛ ላለማጣት ሲል አንዲት ሴት ሩብ ኩንታል ይዛ ስትመጣ ዲናሞውን ያስነሣል፥ ከዚያም ቀጣይዋ እስክትመጣ ባዶውን ያዞረዋል። ዲናሞ ባዶውን ሲዞርም ይበላል፤ በሚነሣበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ይስባል። ቺንጋው ረግቦ ሲንሸራተት፥ ድንጋዩ ሳይወቀር ሲቀር ኃይሉ በከንቱ ይሄዳል፤ ዱቄቱም ይሞቃል። በአንድ መንደር ያሉ ወፍጮዎች ለማሽላ፥ ለጤፍ፥ ለበርበሬ ሰዓት ከፍለው ቢያስታውቁና ድንጋዩን በጊዜው ቢወቅሩ የወር ሒሳባቸው እንደሚቀንስ አልጠራጠርም። ወረፋው ግን ወሬ የሚወራበት ስለ ሆነ ሰዓት መከፈሉን የሚቃወሙ ይኖራሉ፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶችም አሉ። ፍሪጁን ፀሐይ በሚያርፍበት በር ላይ አቁመው፥ ክዳኑ የማይገጥም ሆኖ፥ ከበስተጀርባው አቧራ ተጠምጥሞበት ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ጥላ ውስጥ ቢቆም፥ ጎማው ቢለወጥ፥ አቧራው ቢጠረግ ምን ያህል ወጪ ነው? እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶችን ግን አመሰግናለሁ፤ ለእነርሱ ቁጠባ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል የሚስብ ትልቅ እሳት ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ ሊጡ እስኪያልቅ ሳያቋርጡ ይጋግራሉ፤ ከተነቀለም በኋላ በቀረው ሙቀት አንድ ሁለት እንጀራ ያወጣሉ። መሐንዲሶች ይህን ከእነርሱ ቢማሩ መልካም ነው።

ምጣድ ካነሣሁ ዘንድ፥ ምሽት ላይ አምፖሉ ለምን እንደሚደበዝዝ ልንገራችሁ። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ብዙ ምጣድ፥ የብየዳ መሣሪያና ዲናሞ በአንድ ሰዓት ሲጫን ሽቦው ብዙ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። በሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ኃይል የሚሄደው ከርሰንቱ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው መጠን ነው፤ ከርሰንቱ እጥፍ ሲሆን ጥፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ሲሆን ደግሞ ጥፋቱ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ብየዳ ቤት ከባዱን ሥራውን ከምሽቱ ወደ ጧቱ ቢያሻግር ለጎረቤቱ ሁሉ መልካም ሥራ ሠራ ማለት ነው፤ ትራንስፎርመሩም ከመቃጠል ይድናል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር እስኪለወጥ ምን ያህል ቀን እንደሚቆይ ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልግም።

ኤሌክትሪክን ብቻ መናገርም ልክ አይሆንም። አገራችን ከምትጠቀምበት ኃይል ከአሥር እጅ ስምንት እጅ የሚበልጠው ከእንጨት፥ ከከሰል፥ ከኩበትና ከአገዳ የሚገኝ ነው። በእኛ ቆላ ግራሩ ወደ ከሰልነት ተለውጦ በመንገድ ዳር በጆንያ ቆሞ ይታያል። ከሰል የሚያከስለውን ድኻ ብቻ ማባረር መፍትሔ አይሆንም። ለብዙ ሰው ምግብ የሚያበስሉ የመንግሥት ተቋሞችና ምግብ ቤቶች በሦስት ጉልቻ ላይ ግንድ ማንደዳቸውን ቢተዉ ግን ብዙ ዛፍ ይተርፋል። ምርጥ የሚባለው በአገራችን የተሠራ የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሹ ሊያተርፍ እንደሚችል የታወቀ ነው። ሠሪዎቹም ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦኩ የአገር ልጆች ናቸው፤ ይህን የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሥራ ለሌለው ወጣት ሥራ ሰጠ ማለት ነው።

መንግሥትን በሚመለከት የምለው አለኝ፤ በአክብሮት ነው። ሕግ አልጎደለንም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኃይል ቁጠባ በግልጥ ይናገራል፤ ዛሬም የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። በ2002 ዓ.ም. ግድም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎች ለደንበኞች ታድለው የድሮውን ትኩስ አምፖል ተክተዋል፤ ይህ ሥራ መንግሥት ከፈለገ እንደሚችል ያሳያል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም የመብራት ዋጋ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለ ሆነ ነጋዴው የመቆጠብ ምክንያት አለው። መሥሪያ ቤት ግን ሒሳቡን ከራሱ ኪስ አይከፍልም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በማልፍበት መንገድ አለ፤ በአጥሩ ላይ ያሉት ትልልቅ መብራቶች ሌሊትም ቀንም ይነዳሉ። ዘበኛውን ብጠይቀው «ማጥፊያው ያለበት ክፍል ቁልፍ የሌላ ሰው ነው» አለኝ። አንድ ቁልፍ! ለዚህ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አያስፈልግም።

የሕንፃዎቹም አሠራር ሌላ ብክነት ነው። አባቶቻችን ለሙቀት አገር የሚሆን ቤት በድንጋይና በጭቃ ወፍራም ግድግዳ፥ በትንሽ መስኮት ይሠሩ ነበር። ዛሬ በቆላ አገር ሳይቀር ፊቱ መስተዋት የሆነ ሕንፃ እየተሠራ፥ ፀሐይዋን በመስተዋት አስገብቶ በቬንቲሌተር ለማስወጣት ይታገላል። ቆርቆሮው ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ከቀትር በኋላ የተማረ ሁሉ የምለውን ያውቃል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤት «መስኮቱ ወደየት ይዞራል? ዛፉ የት ይተከላል? ጣሪያው ኮርኒስ አለው?» ብሎ ቢጠይቅ ከሃምሳ ዓመት ሒሳብ ያድናል።

በግዳጅና በቅጣት ብቻ ይሁን አላልሁም። ሰው በሚጠቀምበት ነገር ይበረታታል። ጥሩ ዲናሞ ለሚያስገባ ነጋዴ ቀረጥ ይቀነስለት፤ ሒሳቡን ከአምናው ዝቅ ያደረገ መሥሪያ ቤት ካተረፈው ገንዘብ ከፊሉ ለሠራተኞቹ ወይም ለሕንፃው ማደሻ ይተውለት፤ በየዓመቱም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት በበሩ ላይ ይለጥፍ። ቁጥር ሲታይ ሰው ያፍራል፥ ይወዳደራልም።

ይህን ከሌላው ስንጠይቅ ከትምህርት ቤታችን መጀመር ይገባናል፤ ትምህርት ቤትም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነውና። የሳይንስ ክበባችን በየወሩ መጀመሪያ ቀን የትምህርት ቤቱን ቆጣሪ አንብቦ ቁጥሩን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ሁለት ተማሪና አንድ መምህር ይበቃሉ። ፈቃዳቸው ከሆነም በዋና መንገዱ ዳር ያሉ ሦስት ወፍጮ ቤቶች የራሳቸውን እንዲያነቡልን እንጠይቅ፤ በኩንታል ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጁ እኛ እናሰላላቸዋለን። የመጽሔቱ አዘጋጆች በሚመጣው ዓመት እትም የ12ቱን ወር ቁጥር የምናትምበት አንድ ገጽ እንዲያስቀምጡልን ከአሁኑ አሳስባለሁ።